ከሌላ ቤት የመጣ ዓይን

ጋሼ ከካርኮቭ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ እኔ ገና አልተወለድኩም። በ1976 ዓ.ም. ነው። ሻንጣው ውስጥ ምን እንደነበረ የነገረችኝ እናቴ ናት። አንድ ወፍራም ካፖርት፣ ብዙ የምህንድስና መጽሐፍ፣ ለአያቴ ደማቅ አበባ ያለበት ሻርፕ፣ እና ቡናማ የቆዳ ማኅደር ያለው ካሜራ። ካሜራው ፌድ 5 ይባላል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል እስክገባ ድረስ ቤታችን ውስጥ የተነሣ ፎቶ በሙሉ ማለት ይቻላል በእሱ ነው የተነሣው። የእናቴ ሠርግ፣ የእኔ ክርስትና፣ የአያቴ ተዝካር።

ልጅ ሆኜ ካሜራውን መንካት አይፈቀድልኝም ነበር። ማየት ግን ይፈቀድልኛል። ጋሼ ማንገቻውን ከአንገቱ ሳያወልቅ ወደ እኔ ጎንበስ ይልና በትንሿ መስኮት ያሳየኛል። መሐል ላይ ቀለሙ ለየት ያለ ክብ አለ። እዚያ ክብ ውስጥ እናቴ ሁለት ትሆናለች። አንዷ ደማቅ፣ አንዷ እንደ ጥላ። ጋሼ የሌንሱን ቀለበት ቀስ አድርጎ ሲያዞር ሁለቱ እናቶቼ ይቀራረባሉ፣ ይነካካሉ፣ አንድ ይሆናሉ። «አሁን!» ይላል። ከዚያ ካሜራውን ወደ ራሱ ዓይን መልሶ ያነሣታል።

ሬንጅፋይንደር ካሜራ ማለት ይኸው ነው። ግንባሩ ላይ የተራራቁ ሁለት መስኮቶች አሉት። ሁለቱም አንድን ሰው ያያሉ፣ ግን ከተለያየ ቦታ። የሁለቱ ምስል ሲገጣጠም ርቀቱ ተገኘ ማለት ነው። የኛም ሁለት ዓይን የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ አለ።

ወደ ጀርመን ልሄድ ስል ጋሼ ካሜራውን ሰጠኝ። «እዚያ ፊልም ይገኛል» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ፍራንክፈርት በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት፣ በረዶው ከቤት አላስወጣ ሲለኝ፣ ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። የሌንሱ አፍ ዙሪያ በሩሲያ ፊደል «ዩፒተር 8» ይላል። አጠገቡ ፕሪዝምን አቋርጦ የሚያልፍ ቀስት የሚመስል ምልክት አለ። ቁጥሩ የሚጀምረው በ58 ነው።

ምልክቱ የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ነው። ክራስኖጎርስክ ሞስኮ አጠገብ ነው፤ ፌድ ይሠራ የነበረው ደግሞ ካርኮቭ፣ ዩክሬን ውስጥ። 58 የተሠራበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ 1958። ካሜራው ፋብሪካው ከገጠመለት ሌንስ ጋር አልነበረም ማለት ነው። ገላው ካርኮቭ የተወለደ አዲስ፣ ዓይኑ ከሌላ ከተማ የመጣ የ20 ዓመት አሮጌ።

ወዲያው ደወልኩ። ጋሼ ሳቀ። የፋብሪካው ሌንስ ኢንዱስታር 61 ነበር። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ግን የመኝታ ክፍል ጓደኛው ዩፒተር ነበረውና ማታ ማታ በክፍሉ መብራት ፎቶ ሲያነሣ ያየዋል። የኢንዱስታሩ ትልቁ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 ነው፣ የዩፒተሩ ኤፍ 2፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ጓደኛው ሊመረቅ ሲል ተለዋወጡ፤ ጋሼ ኢንዱስታሩን ሰጠ፣ ጥቂት ሩብልም ጨመረበት። «እንዴት ገጠመ ታዲያ?» አልኩት። «ጥርሱ አንድ ነዋ» አለኝ።

እኔ ሌንስ መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚያች ንግግር ነው።

ስለዚህ ጥርስ፣ ሌንሱ ካሜራው ላይ ስለሚጠመዘዝበት ብሎን፣ ትንሽ ላውራ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ካለሁበት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ቬትስላር የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ላይትስ የሚባል የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ነበር። ኦስካር ባርናክ የሚባል መካኒክ ነበረው። ባርናክ አስም ያስቸግረው ነበርና የዘመኑን ከባድ የእንጨት ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት አልቻለም። የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ሠራ። ላይካ ተብሎ በ1925 ላይፕሲሽ ትርዒት ላይ ለገበያ ቀረበ። መጀመሪያ ሌንሱ አይወልቅም ነበር። ከዚያ በብሎን የሚገባና የሚወጣ ሆነ። በ1931 ደግሞ ልኩ ለሁሉም አንድ ሆነ። ስፋቱ 39 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ፣ ሌንሱ ከሚያርፍበት እስከ ፊልሙ 28.8 ሚሊ ሜትር። በ1932 ሬንጅፋይንደሩ ከሌንሱ ጋር ተያያዘ። ሌንሱን ስታዞረው ከኋላው ያለው ቀለበት ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ካሜራው ውስጥ ያለች ትንሽ ክንድ ደግሞ ያን ቀለበት እየገፋች ትከተላለች። ክንዷ ስትንቀሳቀስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ምስል ይንቀሳቀሳል። እናቴን አንድ ያደረጋት ይኸው ነው።

ልኩ ከታወቀ ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል። ጥርሱን በትክክል ካወጣህ፣ 28.8ቷን ካላሳሳትክ፣ ክንዷን የሚገፋውን ቀለበት በአግባቡ ከሞረድክ፣ ሌንስህ በሌላ ሰው ካሜራ ላይ ያያል። ከሁሉ ቀድሞ ላይካን በብዛት የቀዳው የጋሼ ፌድ አባት ነው። ካርኮቭ ውስጥ በ1927 ለጎዳና ልጆች የተከፈተ የሥራ ማኅበር ነበር። መሪው አስተማሪው አንቶን ማካሬንኮ ነው። ከ1934 ጀምሮ እነዚያ ወጣቶች የላይካን ግልባጭ መሥራት ያዙ። ፌድ የተባለው ማኅበሩ የተሰየመለት የፊሊክስ ኤድሙንዶቪች ዠርዢንስኪ ስም ሦስት የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። ሰውየው የሶቪየት የምስጢር ፖሊስ መሥራች ነው። በአንድ በኩል ወላጅ የሌላቸው ልጆች እጅ፣ በሌላ በኩል ያ ስም። ካሜራውን በያዝኩ ቁጥር ሁለቱም ይታሰቡኛል።

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን የፈጠራ መብቶች በአሸናፊዎቹ ተሻሩ። ያኔ በሩ ተበረገደ። ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ ኢጣሊያ፣ ሁሉም በዚያ ጥርስ ካሜራ ሠራ። ካሜራ መሥራት ያልቻለ ደግሞ ሌንስ ብቻ ሠራ። እኔ የምሰበስበው እነዚህን ነው፤ ካሜራውን ያልሠራ ቤት የሠራቸውን። ሽታይንሃይል፣ ዳልማየር፣ ቴይለር ሆብሰን፣ ኮሙራ፣ አካል፣ ቶፕኮር፣ ሄክሳኖን። አንዳንዶቹ በዓለም የታወቁ ነበሩ፣ አንዳንዶቹን ዛሬ ከእኛ ቢጤ ሰዎች በቀር የሚያስታውሳቸው የለም።

ብዙ ሰብሳቢ የላይካን የራሱን ሌንስ ነው የሚያሳድደው። አልፈርድባቸውም፣ ድንቅ ሌንሶች ናቸው። የኔ ልብ ግን ወደ እንግዶቹ ያደላል። ላይትስ ለራሱ ካሜራ ሌንስ ሲሠራ ገዢው አስቀድሞ እጁ ላይ ነው። ሙኒክ ወይም ቶኪዮ ያለ ትንሽ አውደ ጥናት ግን «የሰውዬው ካሜራ ላይ ግጠሙትና እዩ» ብሎ ነው የሚያወጣው። ሥራው ካልተናገረለት ሌላ የሚናገርለት የለም።

የመጀመሪያዬን ያገኘሁት በማይን ወንዝ ዳር ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል፤ አንዱን ሳምንት በሙዚየሞቹ በኩል፣ ሌላውን በምሥራቁ ወደብ በኩል። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው ስሜቱ እንግዳ አይደለም። የመጥበሻ ክዳን፣ የሞተ ሰው መነጽር፣ ክር ያለቀበት የስፌት መኪና። አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ላይ ከደረደሩት የሻይ ማንኪያ መሐል አንድ የብረት ቱቦ ቆሞ ነበር። አነሣሁት። «ሽታይንሃይል ሙኒክ፣ ኩልሚናር 85 ሚሊ ሜትር፣ 2.8» ይላል። ወደኋላ ገለበጥኩት። ጥርስ። 39።

ሌንስ ሲገዛ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አለ። የኪስ ባትሪ በአንድ በኩል አብርተህ በሌላው በኩል ታያለህ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ነጭ ጉም ካለ ውስጡ የነበረው ቅባት ተኖ መስታወቱ ላይ አርፏል። ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ ሁለቱን መስታወት ያጣበቀው ሙጫ እየለቀቀ ነው። ሙጫው ከጥድ ዓይነት ዛፍ የሚገኝ ነበርና ዕድሜ ሲጫነው ይደርቃል። ጉም ይጠረጋል። ሻጋታም ካልቆየ ይጠረጋል። የለቀቀ ሙጫን ግን እኔ አልነካም።

ሽማግሌው ባትሪዬን አይተው ጠበቁኝ። ኩልሚናሩ ትንሽ አቧራ ብቻ ነበረው። 40 ዩሮ አሉ፤ ሳልከራከር ከፈልኩ። ሄድ እንዳልኩ ጠሩኝና ከኪሳቸው ትንሽ የብረት መስኮት አወጡ። የ85 ሚሊ ሜትር ማያ ነው፤ ካሜራው አናት ላይ ይሰካል። የአባታቸው ነበር። ሌንሱ ያለ እሱ ፎቶው የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚያበቃ አያሳይም፤ የካሜራው መስኮት የሚያሳየው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስን ነውና። ዋጋ አልጨመሩበትም።

የሽታይንሃይል ቤት በ1855 የተመሠረተ ነው። በ1866 አፕላናት የሚባል ሌንስ ሠርተው ነበር፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ያደረገ ሥራ ነው። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ ዳልማየር ሳይተዋወቁ ተመሳሳዩን ሠራ። ኩልሚናር ከዚያ ዘመን የራቀ፣ አራት መስታወት ያለው ቀላል ሌንስ ነው። ሙሉ ሲከፈት ዳር ዳሩ ይለሰልሳል። ፊት ላይ ግን የሚያደርገውን ወድጄዋለሁ። ቆዳን አያጋልጥም፣ ዓይንን ግን አይስትም።

ለሌንሶቹ ቤት እንዲሆናቸው ካኖን ፒ የሚባል የጃፓን ካሜራ ገዛሁ። በ1959 የወጣ ሞዴል ነው። መስኮቱ ዕቃን በትክክለኛ መጠኑ ስለሚያሳይ ሁለት ዓይንህን ገልጠህ ታነሣለህ። ጋሼ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ሁለቱንም ገልጠህ?» አለኝ በመጨረሻ።

ቀጥሎ የመጣው ኒኮር ነው። 5 ሴንቲ፣ ኤፍ 2። ዛሬ ኒኮን ስንል ካሜራ ነው የሚታየን፤ ኒፖን ኮጋኩ፣ የያኔው ኒኮን፣ ግን በራሱ ስም ካሜራ ከማውጣቱ በፊት ኒኮር የሚባሉ ሌንሶችን ለሌላ ቤት ካሜራ የሚሠራ ነበር። የካኖን የመጀመሪያ ካሜራ በ1936 ሲወጣ ሌንሱ ኒኮር ነበር። ከዚያ በ1950 ቶኪዮ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ጁን ሚኪ የሚባል ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ የላይፍ መጽሔቱን ዴቪድ ዳግላስ ደንከንን በ85 ሚሊ ሜትር ኒኮር አነሣው። ደንከን የታጠበውን ፎቶ አይቶ ዓይኑን አላመነም። ፋብሪካው ድረስ ሄዶ ሌንሶቹን ከለመዳቸው የጀርመን ሌንሶች ጋር አስተያየ። በዚያው ሰኔ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ደንከን ኒኮሮቹን ላይካው ላይ ጠምዝዞ ወደ ግንባር ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ሌንሶች ጻፈ፤ ዓለምም ዞሮ አያቸው።

ይህን ሳነብ ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ። በቀጣዩ ዓመት፣ በኛ 1943፣ የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የሰፈራችን አንድ አባት የቃኘው ዘማች ነበሩ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በኮሪያ በረዶ ውስጥ ቆመው የተነሡት ፎቶ ይሰቀል ነበር። ማን በምን እንዳነሣቸው መጠየቅ በሚቻልበት ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። ቢሆንም ኒኮሬን ስይዝ ያ ፎቶ ትዝ ይለኛል። የኔው ሌንስ ገላ ላይ በደቃቅ ፊደል «በወረራ ሥር ባለች ጃፓን የተሠራ» የሚል ተቀርጾበታል። ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የግድ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር እስከ 1952 ቆይቷል። የተሸነፈ አገር መካኒክ ያንን ቃል በራሱ ሥራ ላይ ቀርጾ ልኳል። ብረቱ ከባድ ነው፣ ቀለበቱ ከ70 ዓመት በኋላም እንደ ቅቤ ይዞራል። አንድ ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ ቀለል ያለ እንቅፋት ይነካህና ክንዷን ይለቃታል። ከዚያ ወዲያ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ድረስ በግምት ነው። ሌላው ያልደረሰበት ቅርበት ድረስ ሊያስኬድህ ፈልጎ ነው የሠራው።

ሁሉም አልተሳካልኝም። አንድ ጊዜ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ዩፒተር 9 ገዛሁ። 85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2፣ ለሥዕለ ገጽ የተወደደ ሌንስ። «39 ሚሊ ሜትር ጥርስ» ይላል ማስታወቂያው። ደረሰኝ፣ ጠመዘዝኩት፣ ልክ ገባ። አንድ ሙሉ ፊልም የጓደኛዬን ልጅ ልደት አነሣሁበት። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ 36ቱም ፎቶ ጭጋግ ነው። ሻማውም፣ ልጅቷም፣ ምንም።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሶቪየቶች ያንኑ 39 ጥርስ ዜኒት ለሚባለው ሌላ ካሜራቸውም ተጠቅመውበታል። ዜኒት ከሌንሱ ኋላ ምስሉን ወደ ማያው የሚያንጸባርቅ መስተዋት ስላለው ሌንሱ ከፊልሙ 45.2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። የኔ ዩፒተር ለዜኒት የተሠራ ነው። በኔ ካሜራ ላይ 16.4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊልሙ ቀረበ። ክንዷን የሚገፋ ቀለበትም የለውም። መግጠሙንማ ገጥሟል፤ የሚያየው ግን የሌላ ቤት ርቀት ነው። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም። ለሚገዛ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሌንሱን ጀርባ ፎቶ ሳታይ አትክፈል። ለሬንጅፋይንደር የተሠራ ከሆነ ከጥርሱ ውስጥ የሚወጣና የሚገባ ለስላሳ የብረት ቀለበት ታያለህ።

ሐሰተኛም አለ። ፌድና ዞርኪ በሚባለው ሌላ የሶቪየት ካሜራ ላይ «ላይካ» ተቀርጾ፣ ወርቅ ተቀብቶ፣ የ1936 ኦሎምፒክ ማስታወሻ ነው ተብሎ ይሸጣል። ዩፒተር 3 ላይ የታወቀው የጀርመን ሌንስ ቤት ስም፣ «ካርል ሳይስ የና፣ ዞናር»፣ ይቀረጽበታል። ይህ ያሳዝነኛል። ዩፒተር ራሱን ችሎ የሚከበር ሌንስ ነው፤ የሰው ስም አያስፈልገውም።

ለሚገርመው ሰው ዙኖውን ልንገር። ቴይኮኩ ኮጋኩ የሚባል ትንሽ የጃፓን ቤት በ1953 ዙኖው 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.1 አወጣ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ካሜራ እንዲህ የሚከፈት ሌንስ ማውጣት ድፍረት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፉጂ በኤፍ 1.2 ተከተለ። ዙኖው ዛሬ እንደኔ ያለ ሰው የሚገዛው አይደለም። እኔ በእጄ የያዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ የካሜራ ገበያ ላይ፣ ባለቤቱ ፈቅደውልኝ። የመጀመሪያዎቹ ዙኖዎች የኋላ መስታወት ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ ሰብሳቢዎች የፒንግ ፖንግ ኳስ ይሉታል። ሰውየው ክዳኑን ሲከፍቱ ያ ኳስ የአዳራሹን መብራት ሁሉ ይዞ ብልጭ አለ። ሁለታችንም እስትንፋሳችንን ይዘን ነበር። ወደ ካሜራው የውስጥ ግድግዳ እጅግ የሚጠጋ መስታወት አስበው፣ አስልተው፣ ሞርደው፣ «ይገባል» ብለው ለማያውቁት ሰው ካሜራ ሰጡት። ኩባንያው ብዙ አልቆየም።

አሁን ወደ ጋሼ ሌንስ ልመለስ።

ዩፒተር 8 የሶቪየቶች ድርሰት አይደለም። የሳይስ ሰው ሉድቪግ በርተሌ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ዞናር ነው። በዚያን ዘመን መስታወት ላይ ፀረ ነጸብራቅ ቅብ አልነበረም። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር ባለፈ ቁጥር ከ100 እጅ 4 ያህሉ ተመልሶ ይጠፋል፤ ወይ ውስጥ ለውስጥ ሲንከራተት ፎቶውን ያገረጣል። በርተሌ ስድስት መስታወት ወስዶ በሦስት ክምር አጣበቃቸው። አየር የሚነካው ፊት ስድስት ብቻ ሆነ። ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሶቪየቶች ከሳይስ ከተማ ከየና መሣሪያውንም ንድፉንም ጭነው ወሰዱ፤ ዩፒተር ያኔ ተወለደ።

የጋሼ ሌንስ በአዲስ አበባ ክረምት ሻጋታ ይዞት ነበር። ፎቶዎቻችን በየዓመቱ እየገረጡ የሄዱት ፊልሙ ርካሽ ስለሆነ ነበር የሚመስለን። ለሦስት ዓመት ልከፍተው ፈርቼ ተውኩት። በርካሽ ሌሎች ሁለት ዩፒተሮች ገዝቼ እነሱ ላይ ተለማመድኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ነጭ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ።

የመስታወቱ ክምር ከቱቦው ውስጥ ሙሉውን ተፈትቶ ይወጣል። ሲወጣ አንድ ነገር ፎጣው ላይ ጠብ አለ። ከወረቀት እምብዛም የማይወፍር የብረት ቀለበት። ቆሻሻ መስሎኝ ልጠርገው ነበር። ያ ቀለበት የሌንሱ ልክ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ይህን መስታወት ለክቶ፣ ለዚህኛው ብቻ ይህን ያህል ውፍረት መርጦ አስገብቶበታል። ከጠፋ ሬንጅፋይንደሩ «አንድ ሆኑ» ሲል ፊልሙ ላይ ሁለት ይሆናሉ። በ1958 ሞስኮ አጠገብ አንድ ሰው የመረጠው ቀለበት ነው እኔን፣ ክርስትናዬን ያሳየው። በጥቁር የስልክ ሽፋን ላይ፣ ከመስኮቱ ርቆ አስቀመጥኩት።

ሻጋታውን በአልኮልና በጥጥ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየዞርኩ ጠረግኩ። አንድ ቦታ ላይ ቅቡን በልቶ ጠባሳ ትቷል። እሱ አይለቅም። የደረቀውን ቅባት አውጥቼ አዲስ ቀባሁ። ቀለበቷን መለስኩ። ማታ ላይ ቀለበቱን ሳዞረው ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ዓይነት ሆኖ ዞረ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ባለፈው ገና አዲስ አበባ ሄድኩ። ፌዱን ከነሌንሱ ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሼ 67 ሞልቶታል፤ የተወለደው በኛ 1950 ነው፣ ከሌንሱ ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የቀኝ ዓይኑን ሞራ በጥቅምት አስወጥቶ ነበር። «አሮጌውን አወጡና ሌላ አስገቡልኝ» አለኝ። ከኪስ ቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ የአዲሱ ሌንስ ትንሽ መለያ ተለጥፎበታል። 21.5 ዲዮፕተር ይላል፣ የሌንሱ ጉልበት ነው፣ ከሥሩ መለያ ቁጥር። እንደ ልማዴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዚህ ሥራ መጀመሪያ 1949 ነው፤ ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ ሰው ዓይን ውስጥ የፕላስቲክ ሌንስ ሲያስቀምጥ ባልደረቦቹ ብዙ ተቃውመውት ነበር። ለጋሼ ይህን ነገርኩት። ስለ ሌንሱም ነገርኩት፣ ስለ ቀለበቷ፣ ስለ ጠባሳው።

ካሜራውን ተቀበለኝ። ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። እናቴ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ሁለተኛውን ቡና ትቀዳ ነበር። ጋሼ ወደ እሷ ዞረ፣ ካሜራውን ወደ አዲሱ ዓይኑ አስጠጋ። ቀለበቱን ያዘ። ብዙ ቆየ። እናቴ ሲኒውን ይዛ ጠበቀችና ጠበቀችና፣ «ኧረ አንሣኝ፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አለችው።

«ቆይ» አላት፣ ጣቱ ቀለበቱን ቀስ አድርጎ እየገፋ። «ገና ሁለት ነሽ።»